በአንድ ምት የሚፈታ እንጨት

ካናዳ፣ ካልጋሪ ካለነው አበሾች መካከል፣ አንድም ሚስማር ሳይመታ እንጨት ገጥሞ የሚያቆም እኔ ብቻ ነኝ። አስተማሪ አልነበረኝም። አባቴ በጣሊያን ዘመን ስመ ጥር አናጢ ነበር፤ መሮውን ግን እንድነካ አይፈቅድም ነበር። የተማርኩት ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ የራሱን አልጋ እየፈታሁ መልሼ በመግጠም ነው። አግዳሚው በቋሚው ቀዳዳ ገብቶ በሽብልቅ ይጠብቃል፤ ሽብልቁን አንዴ ሲመቱት ሁሉም ይላቀቃል። ከየት እንዳመጣው ስጠይቀው፣ ለጣሊያን በር ስሠራ ነው አለኝ። የሚፈታ በር ለምን እንዳስፈለጋቸው አልጠየቅሁም።

አምና ቄሳችን ለኅዳር ሚካኤል የሚደርስ የደወል ማቆሚያ አሰቡ። የምናስቀድስበት ሆል ሬንት ስለሆነ፣ ቅዳሴው ሲያልቅ ሁሉም ተነሥቶ በቫን ይጫናል። ሌሎቹ ብረት እንግዛ ሲሉ፣ እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም አልኩ። ታራዴል ሰፈር ባለው ጋራዤ ሁለት ቋሚና አንድ አግዳሚ በአባቴ ዘዴ ገጠምኩና ሰው ጠራሁ።

ከመጡት መካከል ዘጠና ያለፋቸው፣ የአባቴ አገር ሰው የሆኑ እናት ነበሩ። የልጅ ልጃቸው በዊልቼር አመጣቻቸው። ሽብልቁን መትቼ በአንድ ምት ስፈታው ሰው አጨበጨበ። እሳቸው ግን መልሰህ ግጠመው አሉኝ። ገጠምኩ። አግዳሚውን ቀና ብለው ሲያዩት ቆዩ።

"ጣሊያኖች ይኼን በካሚዮን ጭነው ከገበያ ገበያ ያዞሩት ነበር" አሉ። "በኛ ገበያ ሦስት ሰው ሰቅለውበታል። ማን እንደሠራላቸው አገር ያውቃል።"

"ኖ፣ እማማ፣ ይሄ ለደወል ነው" አለች የልጅ ልጃቸው።

"ለደወል መሆኑንማ አየሁ።"

 ከዚያ ወዲያ ጋራዡ ስገባ፣ በጠራራ ፀሐይ እንኳ፣ አግዳሚው ባዶ ሆኖ አይታየኝም ነበር። አባቴ እስኪሞት የተኛው በዚያው ሽብልቅ በተያያዘ አልጋ ላይ ነው። እንዴት እንቅልፍ እንደወሰደው አላውቅም።

ያደረግሁትን ልናገር። አግዳሚውን በመጋዝ ቆራረጥኩት። በዐሥር ቀን ውስጥ ዝቅ ያለ፣ ባለ አራት እግር፣ በማጠፊያ የሚታጠፍ ማቆሚያ ሠራሁ፤ በዚህ ዕድሜ ይህን የሚሠራ ካለ ይምጣ። ለሚካኤል ደረሰ፤ ሲደወል ንቅንቅ አይልም። እማማ ቤት ሄጄ ጉልበታቸውን ስሜ በአባቴ ስም ይቅርታ ለመንኩ። የሟቾቹን ስም ጠየቅኋቸው፤ ሁለቱን አስታወሱ። ቄሱ ሁለቱን በስማቸው፣ ሦስተኛውን "ስሙን አንተ የምታውቀው" ብለው በጸሎት አሰቧቸው። የአባቴንም ስም በጸሎቱ ወረቀት ላይ ከነሱ ሥር በገዛ እጄ ጻፍኩት።