«ዞሮብኛል» ካሉት እማማ ጋር እስከ ቁስቋም

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከቀጨኔ ተነሣን። ተጓዦቹ እኔና በመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ፊደል የማስቆጥራቸው እማማ ዘነበች ነን። የምንሄደው እንጦጦ ግርጌ ወዳለው ቁስቋም፣ ክረምት ላይ ወደ ፈረሰው ቤታቸው ነው። ቀበሌው ቀጨኔ ውስጥ አንድ ክፍል ከሰጣቸው ወዲህ ፀሐይ በምዕራብ የምትወጣ ይመስላቸዋል፤ ለጸሎትም ጀርባቸውን ለምሥራቅ ሰጥተው ይቆማሉ። ልጃቸው ጥሩነሽ አእምሯቸው የተነካ መስሏት ሰኞ ሩቅ አገር ጠበል ልትወስዳቸው ቆርጣለች። እሳቸው ግን «እብድ አይደለሁም፤ ዞሮብኛል» ይላሉ። ቃላት በምመዘግብበት ደብተሬ «ዞረበት፦ ግራ ተጋባ» ብዬ ጽፌያለሁ።

ጥሩነሽ በር ላይ ቆማ፣ «ጓድ አስተማሪ፣ እማዬ እንደዞረባት ከተመለሰች የሰኞው መንገድ አይቀርም» አለችኝ።

ዳገቱ

የአሥር ሳንቲም ቆሎ ገዝተን እየቆረጠምን ወጣን። አንዲት ሸክላ ሠሪ ደጅ ላይ ሰባት ማድጋዎች ፀሐይ ይሞቃሉ። እማማ በየመታጠፊያው ይቆማሉ።

«መንገዱ ጠፋብዎት?»

«ምን ይጠፋብኛል! የት እንዳለሁ አውቃለሁ፤ ወዴት እንደምሄድም አውቃለሁ። አገሩ ነው ፊቱን ያዞረብኝ።»

«ወደ ቀጨኔ ሲመጡ በምን መጡ?»

«በጭነት መኪና። ዝናብ ነበራ! ሸራ ሥር ከዕቃው ጋር ተወሽቄ።»

አንድም መታጠፊያ አላዩም ማለት ነው።

ቁስቋም

ባሕር ዛፉ መካከል ከቤታቸው የተረፈው አንድ ግድግዳና የደጃፉ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ላይ ቆመው፣ ሳይጠየቁ፣ «ፀሐይ በዚያ ነው የምትወጣ» አሉ። ልክ ነበሩ።

«እንግዲህ ይህን አቅጣጫ ይዘው እስከ ቀጨኔ በእግርዎ ይግቡ» አልኳቸው።

መመለሻ

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መውረድ ጀመርን። ቀጨኔ ስንደርስ ለማሳጠር ብዬ አይቼው የማላውቀው ቅያስ ውስጥ አስገባኋቸው። አንድ ጅረት ተሻግረን አጭር አቀበት ስንወጣ ወደ እንጦጦ የምንመለስ መሰለኝ። ቅያሱ የጠዋቱ መንገድ ላይ ሲያወጣን እነዚያ ሰባት ማድጋዎች ታዩኝ፤ ጠዋት በግራዬ ነበሩ፤ አሁን በቀኜ ናቸው። እየተመለስኩ ስለሆነ ይህ ተገቢ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆዴ ግን እምቢ አለ። ቆምኩ።

«ምነው ተገተርክ?»

«እማማ... ወደ ላይ የምንሄድ አይመስልዎትም?»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። «ዞረበት! መምህሩ ዞረበት! ና፣ እጅህን አምጣ። ፀሐይዋን በቀኝ ጉንጭህ ያዛት፤ ጠዋት ስንወጣም በቀኝ ነበረች፣ አሁን ስንወርድም በቀኝ ናት።»

እጄን ይዘው፣ አንድም መታጠፊያ ሳይስቱ፣ ደጃቸው አደረሱኝ።

ጥሩነሽ ትጠብቅ ነበር። «እማዬ፣ ነገ ፀሐይ በየት ትወጣለች?»

እማማ በጎረቤት ጣሪያ በኩል ወደ ምሥራቅ አመለከቱ። «ይልቅ እሱን ጠይቂው» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ የማየው ወደ ተቃራኒው ጣሪያ ነበር።

ጥሩነሽ ፊቴን አይታ ሳቀች። «በቃ፣ ሰኞ እማዬ ትቅር፤ ጠበል የምወስደው ጓዱን ነው።»

ቤቴ ገብቼ የድሮውን ፍቺ ሰረዝኩ። በቦታው ይህን ጻፍኩ፦ «ዞረበት፦ ያለበትን እያወቀ ምሥራቁ ተገለበጠበት። ምሳሌ፦ ቀጨኔ ላይ ዞረብኝ፤ እማማ ዘነበች እጄን ይዘው አደረሱኝ።»