ቦራ ጾም ላይ ነው

ትናንት የአባቴ አርባ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው ሁሉ እትዬ የሺ ግቢ ተሰበሰበ። አንድ ሕፃን የተረፈችውን ድፎ ዳቦ በአጥሩ ክፍተት ወደ ፈረሳችን ሲዘረጋ፣ ሦስት ሴቶች በአንድ አፍ «ተው! ጾም ላይ ነው!» ብለው ጮኹበት። ልጁ ደንግጦ ዳቦውን ራሱ ጎረሰው። በአባቴ ተዝካር ላይ ሳቅ አፈነኝና ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ።

ፈረስ ስላችሁ ትልቅ እንዳይመስላችሁ። ድንክ ነው፤ ጀርባው ወገቤ ድረስ አይደርስም። የመጣው በፈረንጆቹ 2020፣ ካዚኖዎቹ ሁሉ በኮሮና በተዘጉበት ዓመት ነው። እኔ ያኔ ኮሌጅ የጀመርኩ ልጅ ነበርኩ፤ ትምህርቱ ግን ከመኝታ ቤቴ አላስወጣኝም። አባቴ ዳውንታውን ካለ አንድ አሮጌ ካዚኖ ጥበቃ ነበር። ሥራው ቆመ እንጂ እግሩ አልቆመም። ሺፍቱ የሚገባበት ሰዓት ሲደርስ ጫማውን አስሮ ይነሳና ከኩሽና ጋራዥ፣ ከጋራዥ ኩሽና ይመላለሳል። የተቆለፈውን በር ገፋ አድርጎ ይፈትሻል፤ ዞር ብሎ መጥቶ እንደገና ይፈትሻል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ማውንተንስ ኤጅ በሚባለው ሰፈር ባለችው ቤታችን የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ ኮቴው ጆሮዬ ውስጥ ይውላል። እኔም ብሆን ከሱ አልሻልም ነበር። ስልኬን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ፤ መኪናዬን አስነስቼ መሪው እጅ በሚያቃጥልበት ሐሩር በባዶው መንገድ እነዳና የትም ሳልደርስ እመለሳለሁ። አንዳንዴ እንዲያው ዝም ብዬ ብጠፋስ እላለሁ። እሱን ለማን ትቼ?

አንድ ቀን ስልኬ ላይ ማስታወቂያ አየሁ። ጎረቤት ከተማ ሄንደርሰን የምትኖር ሴትዮ ወደ ሌላ ስቴት ልትዛወር ስለሆነ ድንክ ፈረሷን ለሚወደው ሰው ትሰጣለች። አባቴ ያደገው አዊ ነው፤ እዚያ ሰውና ፈረስ አይለያዩም። ፎቶውን አሳየሁት።

«ውርንጭላ ነው?»

«አይደለም አባዬ። ቁመቱ አጭር ሆኖ ነው እንጂ ትልቅ ነው።»

«እስቲ እንየው» አለ። ጫማውንማ ድሮም አልፈታውም።

የሰፈራችን ደንብ ፈረስ አይፈቅድም። የእናቴ ጓደኛ እትዬ የሺ ግን ከከተማው ዳር፣ ፈረስ በሚፈቀድበት ሰፈር፣ ሰፊ ግቢ ነበራቸው። ደወልኩላቸው።

«እትዬ፣ ፈረስ ግቢዎ ብናስቀምጥ ምን ይሉናል?»

«አምጪው እንጂ! እኔም ከግድግዳ ጋር ማውራት ሰልችቶኛል።»

የሚኒቫናችንን የኋላ ወንበሮች አውጥተን አመጣነው። እኔ እነዳለሁ፣ አባቴ ከኋላ አንገቱን አቅፎ ያባብለዋል። ቀይ መብራት ላይ አጠገባችን የቆመው ሹፌር በመስኮት የሚታየውን ጋማ አፍጥጦ ሲመለከት መብራቱ አመለጠው። ፈረሱ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት አባቴ ቦራ ብሎ ሰየመው። ብዙም ሳይቆይ ሰዉ አባቴን እንደ ድሮ ጦረኛ በፈረሱ ስም «አባ ቦራ» ይለው ጀመር። ፈረሱ ወገቡ ጋ ሳይደርስ ስሙ ተራራ አከለ።

ቦራም እንደኛው ነበር፤ አጥር አጥሩን ሲዞር ይውላል። አባቴ ገመድ ይይዝለትና አብሮት ይዞራል። ወደ ቤት ሲመለስ ጫማውን ያወልቃል፣ ይበላል፣ ይተኛል። የበሩ መፈተሽ ቀረ። በእናቴ ሞት ያላለቀስኩትን ያህል ያን ሰሞን በደስታ አለቀስኩ።

ነገሩን ያበላሸው ፍቅር ነው። ሰው ቤት ለቤት መጠያየቅ በፈራበት በዚያ ጊዜ የእትዬ የሺ ግቢ የሁሉም መገናኛ ሆነ። የሚመጣው ሁሉ ለቦራ ይይዛል፤ ዳቦ፣ ቆሎ፣ በሶ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» እያለ ሁለተኛውን የማያስከትል አልነበረም። አባቴ ደግሞ ጠዋትና ማታ ገብስ ይሰፍርለታል፤ «የፈረስ ጉልበቱ ገብስ ነው» ብሎ ያደገ ሰው ነው። ቦራ ሆዱ እንደ እንስራ ሆነ፣ እኛም አማረበት አልን።

ብርዱ ጋብ ሲል አንድ ጠዋት ቦራ የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ወደ ኋላ ተደግፎ ቆመ። ብንጎትተው አይነቃነቅም። የመጣችው የእንስሳት ሐኪም ሰኮናውን ዳሰሰችና ውስጡ እንደተቆጣ ነገረችን። ለሚያርስና ለሚጋልብ ፈረስ የሚሆን እህል ለድንክ መርዝ ነው አለች። ከዛሬ ጀምሮ የተለካ ደረቅ ሳር ብቻ፤ አለዚያ በመርፌ ከማሳረፍ ሌላ መንገድ አይኖርም።

«እኔ በገብስ?» አለ አባቴ። ያን ቀን ቤት እንደገባን በሩን ሲገፋ ሰማሁት።

አጥሩ ላይ «እባካችሁ አትመግቡ» ብዬ በትልቁ ጽፌ ለጠፍኩ። ሰዉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበውና «ይቺ ምን ታደርገዋለች!» ብሎ ያጎርሰዋል። ብለምን፣ ብቆጣ ወይ ፍንክች። እትዬ የሺ ራሳቸው «ዓይኑ እያየ እንዴት ልብላ?» ብለው ሲሰጡት ደረስኩባቸው። ቦራ እየሞተ ነበር፤ ከሱ ጋር ደግሞ አባቴ እንደሚሄድብኝ አውቄዋለሁ።

ሁዳዴ ገባ። አንድ እሑድ አንድ ሽማግሌ ከኪሳቸው ዳቦ አውጥተው ሲጠጉ አባቴ መሃል ገብቶ ቆመ። እኔ ሊጮህባቸው ነው ብዬ ፈራሁ።

«ጾም ላይ ነው» አላቸው በእርጋታ።

የሽማግሌው እጅ አየር ላይ ቀረ። «ውይ! ይቅር ይበለኝ» ብለው ዳቦውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ጥቂት አሰቡና «እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚጾመው?» ብለው ጠየቁ።

አባቴ አልሳቀም። «የሱ ሰዓት የለውም፤ ሐኪም ነው ያዘዘለት።»

ወሬው ተዛመተ። ለሐኪሟ ትእዛዝም ለጽሑፌም ያልታዘዘው እጅ ሁሉ ተሰበሰበ። የሰው ጾም ማስገደፍ ማን ይደፍራል? አንዳንዱማ ቦራ ፊት ላለመብላት ዞር ብሎ ይቆም ጀመር። ሰኮናው ቀስ በቀስ በረደ፤ በፋሲካ ሰሞን አጥሩን እየዞረ አባቴን ሲጎትተው አየሁ። እትዬ የሺ ዳቦ ይዘው መጡ።

«አባ ቦራ፣ አሁንስ አይፈስክም?»

«የሱ ፋሲካ ገና ነው።»

«ታዲያ መቼ ሊሆን ነው?»

«እኔ የሞትኩ ዕለት» አለና ከእናቴ ሞት በኋላ ሰምቼው የማላውቀውን ሳቅ ሳቀ።

ትናንት ሰው ከተበተነ በኋላ አጥሩ ጋ ብቻዬን ቀረሁ። እግሬ አላርፍ ብሎኝ ወዲህ ወዲያ ስል ቦራም በዚያኛው በኩል አብሮኝ ይሄዳል። አሁን እኔም የልጅ እናት ነኝ፤ ቤተሰቤ ይጠብቀኛል፤ መሄድ ግን አቃተኝ። ኪሴ ውስጥ ከቤት የቆነጠርኩት ገብስ ነበር። ሐኪሟ ብታይ ትቆጣኛለች። መዳፌን ዘረጋሁለት። በላ፤ ሌላኛውን እጄንም አሸተተ።

ፋሲካው ደረሰ። ደስ ያለው ግን ቦራ ብቻ ነበር።