በማርያም ከተባለ በኋላ

ደብረ ማርቆስ አራት ዓመት ቴኳንዶ ሠርቻለሁ። ሰማያዊ ቀበቶ ካሰርኩ ወዲህማ ትከሻዬን ነፋ አድርጌ ነበር የምሄደው። ለአባቴ ግን ነገሩ አልተዋጠለትም፤ "ዝላይ" ነው የሚለው። በዚያ ዓመት ዝላዩ ይበቃሃል፣ ተመለስና እረስ ብሎኝ ነበር። ሐሳቡን ለማስቀየር አንድ ቀን በዓይኑ ማየት አለበት ብዬ አሰብኩ።

ቀኑ አገር ቤት፣ ቁይ ገበያ ላይ መጣ። በግ ልንሸጥ ቆመን ሳለ አንድ ጎልማሳ መጥቶ በጎቹን እኛ ፊት ደረደረ፤ አባቴ ሲናገረው በትከሻው ገፋ አደረገው። እኔም ሌላ አልጠበቅሁም፤ መሃል ገባሁ። ሰውዬው ጋቢውን ግራ እጁ ላይ ጠቅልሎ ዱላውን ሲያነሳ፣ ዘልዬ እግሬን ደረቱ ላይ አሳረፍኩለት። ወደ ኋላ ተንገዳገደ። ክለብ ውስጥ ቢሆን ንጹህ ነጥብ ነው። ነጥብ ሲገባ ደግሞ አሠልጣኛችን አስቁሞ እጅ ያስነሳናል። እግሬ ሳላዘው ወደ ኋላ ተመለሰ፣ እጆቼ ከጎኔ ገጠሙ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። ዱላው ጀርባዬን ያገኘው እንዳጎነበስኩ ነው።

ቀና ስል በንዴት ጦፌ ነበር። ዱላው እንደገና ሲነሳ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ እናት፣ "በማርያም ይሁንባችሁ" አሉ። ሰውዬው ወዲያው ዱላውን ዝቅ አደረገ። በእኛ አገር ስሟ ከተጠራ ጠቡ አበቃ፤ ይህን ከልጅነቴ አውቃለሁ። እኔ ግን የታየኝ የወረደው ክንዱና የተከፈተው ጎኑ ነው። አራት ዓመት የተለማመድኩት ይኸንኑ ስለሆነ ጎኑን በእግሬ መታሁት።

በስልክ ሲቀርጹን የነበሩት እንኳ እጃቸውን አወረዱ። ሰውዬው ጎኑን ይዞ ቆመ እንጂ አልመለሰልኝም። አባቴ ሳይቆጣ፣ በዳይ እንደሚያደርገው ድንጋይ አንገቴ ላይ ተሸክሜ ይቅርታ እንድለምን አዘዘኝ። ተሸክሜ ሰውዬው ፊት አጎነበስኩ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ዱላ ስጠብቅ ሰውዬው ድንጋዩን በሁለት እጁ አወረደልኝና ተነስ አለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ በቃ እርሻ ነው ብዬ ቆርጬ ነበር። ደጃችን ስንደርስ አባቴ ቆም አለ።

"ሂድና ተማር" አለኝ። "ግን በማርያም ሲባል እንደሚቆም ለአሠልጣኝህ ንገረው። ይቺን ሳያውቃት አይቀርም፤ ሳያስተምራችሁ ረስቶ ነው።"