ከሥዕሉ የጎደለችው ድንጋይ

ነገሩ የጀመረው አንድ አርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሰው ከጁምዓ ሲመለስ ነው። ጦርነቱ ከአካባቢያችን ርቆ፣ ሰው ወደየቤቱ ከተመለሰ ወራት አልፈው ነበር። ዛሬም በውጫሌ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር በአውቶቡሱ መስኮት አጮልቄ የማየው አንድ ማሳ አለ። ለምን እንደማየው ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁንም ቦታውን በትክክል አልጽፍም፤ የሰዎቹንም ስም ቀይሬዋለሁ።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሥዕል አስተምራለሁ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ለውጥ መጣ ተብሎ ሁሉም በተደሰተበት ሰሞን ነበር። ሥራ የጀመርኩት ግን በየኬላው መታወቂያ በሚጠየቅበት ጊዜ ነው። የምሥለው በውሃ ቀለም ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለጥቂት ተማሪዎችም አስተምራለሁ። የመጀመሪያው ትምህርቴ ሁልጊዜ ስለ ነጭ ነው። በውሃ ቀለም ነጭ አይቀባም፤ ነጭ እንዲሆን የምትፈልገውን ቦታ ወረቀቱን ሳትነካ ትተወዋለህ። ተማሪዎቼ ይህን ቶሎ አይቀበሉኝም። ነጭ ቀለም የደበቅኩባቸው ይመስላቸዋል።

ከተፈናቀልንበት ስንመለስ ከፍራሽ ሥር የተውኩት ወረቀት ደህና ነበር። ቀለሞቼን ግን ክዳናቸው ተከፍቶ፣ ደርቀው እንደ ጠጠር ሆነው አገኘኋቸው። ቱቦዎቹን በምላጭ ሰንጥቄ፣ ቀለሙን በውሃ እያራስኩ በዚያው ሠራሁ። የሠራሁትንም በማስተምርበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ሰቅዬ ለሰው አሳየሁ። የመጀመሪያ ኤግዚቢሽኔ ነበር። ሰው ሲያወራኝ እጄ የሚያልበኝ ልጅ ስለሆንኩ ቀኑን ሙሉ ጥግ ይዤ ነበር የምቀመጠው።

የአዳራሹ ጠባቂ እትዬ ዘነቡ በእኔ ፈንታ ታስተናግዳለች። መጀመሪያ ቀን ሁሉንም ዞራ አየችና፣ «ይሄን የሚያህል ሐይቅ ሥለሽ አንድ ዓሣ የለበትም?» አለችኝ።

«ዓሣው ከውሃው ውስጥ ነው፣ እትዬ።»

«እሱንማ እዚያው ሄጄም አላየው!»

ያን አርብ አንድ ሰውዬ ሲገባ አብረን ተቀምጠን ነበር። ስልሳ ዓመት ያለፈው፣ ነጭ ኮፍያ ያደረገ፣ ጃንጥላ በብብቱ የያዘ ገበሬ ነው። የኮንጎ ጫማው አቧራ ለብሷል። ሰላምታ አልሰጠንም። የእኛ አገር ሰው ጠላቱንም ቢሆን ስለ ከብቱና ስለ ልጆቹ ጤና ሳይጠይቅ አያልፍም። እኔ ሰውዬውን መጠራጠር የጀመርኩት ከዚያች ደቂቃ ነው።

ሌሎቹን ሥዕሎች አላያቸውም። በቀጥታ ሄዶ ከአምባሰል ተራራ ሥር ያለውን ማሳ ከሣልኩበት ሥዕል ፊት ቆመ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ ነሽ የሣልሽው?»

«አዎ።»

«ቦታውን ማን አሳየሽ?»

«ማንም። ከመንገዱ በላይ ተቀምጬ ነው።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

በጣቱ ከማሳው ዳር ያለች ነጭ ነጥብ አሳየኝ። የቆመች ድንጋይ ናት። «ይችን ያየ ሰው አለ? ምንድን ናት ብሎ የጠየቀሽ?»

የለም አልኩት። ዞሮ ወጣ።

«ምን ያለው ነው!» አለች እትዬ ዘነቡ በሩን እያየች። «አላህ ያመጣውን ሰላምታ እንኳ ይነፍገናል? ከወዴት ነው የመጣ?»

ሰውዬውን የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ ብዬ ሳስብ ቆየሁ። ከዚያ ትዝ አለኝ። ያን ሥዕል በምሠራበት ቀን ከታች ማሳው ዳር አንድ ሰው ቆሞ ሲያየኝ ነበር። አይሠራም፣ አይሄድም፣ ብቻ ያያል። በዚያ ጊዜ ሜዳና ተራራ የሚሥል ሰው ለጠላት ካርታ የሚያነሳ ይመስል ስለነበር ከትምህርት ቤት የተጻፈልኝን ደብዳቤ ሳልይዝ አልወጣም። ደብዳቤ ብይዝም ደነገጥኩ። ቀለሙ ሳይደርቅ ወረቀቱን ከነሰሌዳው ብብቴ ውስጥ ከትቼ መንገዱን ያዝኩ። ያ ሰው ይህ ነው።

አሥር ሰዓት ገደማ ሙሉጌታ መጣ። ሁለተኛ ደረጃ አብረን ነው የተማርነው። አሁን ውጫሌ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሠራል፤ ማታ ማታ ደግሞ ከአካባቢው ጥበቃ ጋር ይወጣል። ወንድሙን በጦርነቱ አጥቷል።

«አንቺ ዝምተኛ!» አለ ገና ከበሩ። «ስምሽ ሲጠራ አቤት ማለት ያቃትሽ የነበርሽ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ጉድ ግድግዳ ላይ ትሰቅይ?»

የመጣው ለውጫሌው የስብሰባ አዳራሽ ሥዕል ሊመርጥ ነው። አንድ ልሰጣቸው ቃል ገብቼ ነበር። ዞሮ ዞሮ የአምባሰሉን ማሳ መረጠ።

«ይሄ ነው የኛ! ስብሰባው እዚያ ነው፣ እድሩ፣ ቅሬው እዚያ ነው። ገበሬው ሁሉ ፊቱ ቆሞ የራሱን መሬት ይፈልግበታል። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ መኪና ይዤ እመጣለሁ።»

ከዚያ ስለ ጥበቃው ያወራኝ ጀመር። ሰሞኑን አንድ ማሳ ውስጥ ድንጋይ ተከምሮበት የተቀበረ መሣሪያ አግኝተዋል። «ድንጋይ ካየሁ አሁን ዝም ብዬ አላልፍም» አለኝ። «የነሱ ከሆነ ሬሳም ቢሆን አወጣዋለሁ። ወንድሜ ያረሰው መሬት ውስጥ አያርፉም።»

ዓይኔ ወደ ነጯ ነጥብ ሄደ። ስለ ሰውዬው ልነግረው አፌን ከፈትኩ።

«ምነው?» አለኝ።

«ምንም።»

ለምን እንደተውኩት አላውቅም። ምናልባት ሰው ላይ ጣት መቀሰር እንኳን ያን ጊዜ፣ ዛሬም ስለሚያስፈራኝ ነው። ወይም ደግሞ በዚያ ጊዜ አንድ ጥርጣሬ ከአፍ ከወጣ ተመልሶ እንደማይገባ በዓይኔ ስላየሁ ይሆናል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እትዬ ዘነቡ ክፍሎቹን ልትቆልፍ ወጣች። ወዲያው ሰውዬው ተመለሰ። ተነስቼ በሩ አጠገብ ቆምኩ። በስልኬ የሙሉጌታን ቁጥር አወጣሁና አውራ ጣቴን ከላዩ አደረግኩ።

አሁን ሰላምታ ሰጠኝ። «አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ዋልሽ ልጄ? ደህና ነሽ ወይ? እናት አባት ደህና? ሥራውስ?» ይህ ሰላምታ ከቀኑ ዝምታው የበለጠ አስፈራኝ።

«ይመር እባላለሁ» አለ። «ያችን ሥዕል አውርጂልኝ።»

«አይቻልም፣ አባባ። ለሰው ተሰጥታለች። ነገ ውጫሌ ትሄዳለች።»

«ውጫሌ? የት?»

«አዳራሹ ውስጥ ትሰቀላለች።»

ከአጠገቡ ካለው ወንበር ላይ ዘጭ አለ። ጃንጥላው ወደቀ፤ አላነሳውም። ከየት እንዳገኘሁት በማላውቀው ድፍረት፣ «ከድንጋዩ ሥር ምን አለ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ሰው» አለኝ።

ቀስ እያለ ነገረኝ። በጦርነቱ ሰሞን ቤተሰቡን አሽሽቶ እሱ ለከብቶቹ ሲል ቀረ። ጎረቤቱ ታደሰም እንዲሁ ቀርቶ ነበር። አንድ ጠዋት ማሳው ዳር የሞተ ወጣት አገኙ።

«የማን ወታደር ነበር?»

«ልጄ፣ ልብሱ ከዚህም ከዚያም ነው። መታወቂያ የለው፣ ማተብ የለው። ስሙን የሚነግረን የለ። ቅሬ እንዳንጠራ ቅሬው ሁሉ ተሰዶ አገሩ ባዶ ነው። እኛው ቆፈርን። ከዚያ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመን ተጣላን።»

«ለምን?»

«ራሱን በየት በኩል እናድርግ ብለን ነዋ! እኔ በእስላም ደንብ ራሱ ወደ ምሥራቅ ይሁን አልኩ፣ ቀኝ ጎኑን ይዞ ፊቱ ወደ ቂብላ እንዲሆን። ታደሰ ደግሞ ‹ክርስቲያን ቢሆንስ? ራሱ ወደ ምዕራብ ነው› አለኝ። ተኩሱ ከወዲያ ይሰማል፣ እኛ እንጨቃጨቃለን። ታደሰ በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ራሱን እሱ እንዳለው አደረግን። ፊቱን ግን እኔ ወደ ቂብላው፣ ወደ ሰሜን አዞርኩት። ከዚያ እሱ በምዕራብ በኩል ድንጋይ ተከለ፣ እኔ በምሥራቅ።»

«ሰው ሲመለስ ለምን አልተናገራችሁም?»

«ስንቱ ልጁን ቀብሮ ተመለሰ! ‹የማንን ነው የቀበራችሁ?› ቢሉን ምን እንላለን? አንሥተው ቢጥሉትስ? ነገ እንነግራለን እያልን ታደሰም ሞተ። አሁን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ።»

የሚመሰክርለት ሰው የለም ማለት ነው። ይህንን ልብ አልኩ።

«ድንጋዩ ግን ማሳው ላይ ነው፤ ሰው ሁሉ ያየዋል» አልኩት።

«ማሳ ላይ ያለ ድንጋይ ማን ያየዋል? ሳርስ ለቅሜ ያቆምኳት ይመስላቸዋል። ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ነው ጉዱ። ሌላ ጎረቤቴ ለገበያ ሐይቅ መጥቶ ይሄን አይቶ፣ ‹ማሳህን ከነድንጋዩ ሥለውልሃል፣ ምን ድንጋይ ናት እሷ?› አለኝ። አይቷት አያውቅም፤ በየቀኑ እያለፈባት!»

ተነስቶ ወደ ሥዕሉ ሄደ። እኔም ከበሩ ትንሽ ፈቀቅ አልኩ። ስልኩ አሁንም በእጄ ነው። ጣቱን ነጯ ነጥብ ላይ አደረገ። «ይች የታደሰ ናት» አለ። ከዚያ ጣቱ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ፊቱ ተቀየረ።

«የኔስ?» አለኝ።

«ምንዎ?»

«የኔ ድንጋይ! የታደሰን አስቀምጠሽ የኔን ለምን ተውሻት?»

የእውነት ቅር ብሎት ነበር። እኔም ወደ ሥዕሉ ጠጋ አልኩ። ድንጋዮቹ በእርግጥም ሁለት ነበሩ። በዚያ ቀን ሁለቱንም ድንጋዮች ነጭ አድርጌ ትቻቸው ነበር። ወረቀቱን ሳይደርቅ አጋድሜ ስሮጥ አረንጓዴው ፈስሶ በስተቀኝ ያለችውን ዋጣት። ቤት ስደርስ አይቼ ተናድጄ ነበር። ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

«ያን ቀን ቆመው ሲያዩኝ ደንግጬ ሳይደርቅ ይዤው ሮጥኩ» አልኩት። «ቀለሙ ፈሰሰባት።»

ትንሽ አሰበና ሳቀ። ጥርሱን ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «በገዛ ዓይኔ አጠፋኋታ!»

ጃንጥላውን አነሳ። የመጨረሻው የውጫሌ መኪና እንዳያመልጠው ቸኩሏል። በሩ ላይ ሲደርስ፣ «አብሽሪ ልጄ» አለኝ። «የፈለግሽውን አድርጊ። ብትናገሪም አልቀየምሽም። ያም ልጅ እናት አለችው፣ ይኸው ነው።»

ቤቴ ገብቼም ጥርጣሬው አልለቀቀኝም። መሣሪያ የቀበረ ሰውም እንዲህ ያለ ታሪክ ሊያወራ ይችላል። ሁለት ድንጋይ መሣሪያ ለተቀበረበትም ምልክት ይሆናል። ብሳሳት በመሣሪያው የሚሞተው የአገሬ ሰው ነው። ታሪኩ እውነት ሆኖ ብናገር ደግሞ ሁለት ሽማግሌዎች በተኩስ መሐል ተከራክረው ያሳረፉት ልጅ በአካፋ ይወጣል፤ አያ ይመርም ‹የነሱ ነህ› ይባላል። የሙሉጌታን ቁጥር ደጋግሜ አወጣሁ፣ ደጋግሜ ዘጋሁ። በእያንዳንዱ ጊዜ የመለሰኝ የሰውዬው ቅሬታ ነው። ውሸታም ሰው በጎደለች ድንጋይ እንደዚያ አይከፋም ብዬ አሰብኩ።

እውነቱን ነግሮኝ ይሁን አይሁን ዛሬም በእርግጠኝነት አላውቅም። ከዚያ በኋላ በዚያ አካባቢ መሣሪያ ተገኘ ሲባል አልሰማሁም። ይህ ግን ማስረጃ አይሆንም። አንዳንድ ቀን በትክክል ያደረግኩ ይመስለኛል፣ አንዳንድ ቀን ፍርሃቴን ደግነት ብዬ የጠራሁት ይመስለኛል። አውቶቡሱ በዚያ ሲያልፍ የማጮልቀው ለዚህ ነው። ድንጋዮቹ ከመንገድ ላይ በደንብ አይታዩም። ያልታወቀ ልጅ እናት ግን ትታየኛለች።

በማግሥቱ ቅዳሜ ገና ፀሐይ ሳትሞቅ አዳራሹን ከእትዬ ዘነቡ አስከፈትኩ። ሥዕሉን ከፍሬሙ አወጣሁ። የቱቦውን ደረቅ አረንጓዴ በውሃ አራስኩት፣ ትንሽ ቡናማ ጨመርኩበት። በውሃ ቀለም የጠፋን ነጭ መመለስ አስቸጋሪ ነው፤ የተተወን ነጭ መሸፈን ግን ቀላል ነው። የታደሰ ድንጋይ ላይ አንድ የክትክታ ቁጥቋጦ ሣልኩ። ከዚያ ብሩሹን አጠብኩ።

ሙሉጌታ ከሰዓቱ ቀድሞ መጣ። ጎንበስ ብሎ አየ። ቀለሙ ያብለጨልጫል።

«እርጥብ ነው እንዴ? ምን ጎድሎት ነው?»

«ቁጥቋጦ» አልኩት።

ለአፍታ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ሥዕሉን። የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ከተተ። እኔም ሥዕሉን ሳላጋድመው ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ተውኩትና፣ እስኪደርቅ ድረስ ሁለታችንም ቆመን ጠበቅን።