ግጥሙም የኔ ነው

የእስር ቤቱ ክፍል በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት የካውቦይ ባርኔጣ ነው። ሠላሳ ምናምን ሰው በጎኑ ተጠጋግቶ በተኛበት ክፍል፣ አንድ ሰውዬ አጠገቡ መሬት ላይ አስቀምጦታል። ባለቤቱን አወቅሁት። እኔን ከመምህራን ስብሰባ ላይ ለቅመው ነው ያመጡኝ፤ እሱ ግን የታሰረው በእኔ ግጥም ነበር።

ባርኔጣውን አነሳና ቦታ ለቀቀልኝ። "ና ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ጋደም በል" አለኝ፣ እንደማያውቀኝ ሆኖ።

በልጅነቱ አባቱ ጋራዥ ውስጥ፣ ከከባድ መኪና ሬዲዮ የአሜሪካ ካንትሪ ሙዚቃ እየሰማ ነው ያደገው። ቃሉ ሳይገባው ያንጎራጉር ነበር። ኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ በየሆቴሉ በጊታር ተጫወተ፤ ሰው በባርኔጣው ይስቅና ዘፈኑ ሲጀመር ጸጥ ይላል። በአማርኛ ካንትሪ አንድ ካሴት አወጣ። ልጇን በር ላይ ቆማ ስለምትጠብቅ እናት የሚያወራውን ዘፈን የጻፍኩለት እኔ ነኝ፤ ስሜ እንዳይወጣ ግን ለምኜው ነበር። ሰልፍ ላይ በተገደለ ተማሪ ቀብር ያንን ዘፈነ። በማግስቱ ወሰዱት።

የምርመራው ጥያቄ በየቀኑ አንድ ነው፤ ግጥሙን ማን ጻፈልህ?

አንድ ቀን ከሰዓት ሁለት ሰው ደግፎ አመጣው። አንገቱ አብጧል። ውሃ ሰጠሁት፣ መዋጥ አቃተው።

"ግጥሙም የኔ ነው አልኳቸው" አለኝ በጆሮዬ። የወጣው ትንፋሽ ነው እንጂ ድምፅ አልነበረም።

"ጋሼ፣ እኔ..." ስል እጁን አፌ ላይ አደረገ። ተነስቼ በሩን መደብደብ እችል ነበር። አልተነሳሁም። የፈሪ እናት አታለቅስም ይባላል፤ የእኔም አላለቀሰችም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠባቂው ስሜን ጠርቶ "ዕቃህን ይዘህ ውጣ!" አለ። በእኛ ክፍል ደንብ፣ የሚፈታ ሰው ያለውን ለቀሪዎቹ ይተዋል፤ እነሱ ደግሞ ዘፍነው ይሸኙታል። ብርድ ልብሴን ለእሱ ሰጠሁት። ሁሉም ወደ እሱ ዞረ፤ ዘፋኛችን እሱ ነዋ! ባርኔጣውን አደረገ፣ እንደምንም ቀጥ ብሎ ቆመና የእኔን ዘፈን በከንፈሩ ብቻ ከዳር እስከ ዳር ዘፈነው። ሰዎቹ ጀሪካን በጣታቸው ቀስ እያሉ ይመቱለት ነበር። ጠባቂው ሳይቀር እስኪጨርስ ጠበቀ።

ድምፁ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ዓመታት አልፈው እሱም እንደኔ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ መጣና ቡርንስቪል ሆኖ ትራክ ይነዳ ጀመር። እኔ ሜፕልዉድ ነኝ፤ በመኪና ግማሽ ሰዓት ነው። ስልክ ቁጥሩ እጄ ላይ እያለ አልደወልኩም። እሱ የሚያስቀድስበትን ቤተ ክርስቲያን ሽሽት ሌላ ጋ ስሄድ ኖርኩ። በየትኛው ዓይኔ ልየው?

ባለፈው ወር አርባው ላይ ሄድኩ። ባርኔጣው ከፎቶው አጠገብ ነበር። እዚሁ የተወለደች ልጁን ጠጋ ብዬ፣ "ያ ዘፈን... ግጥሙ የኔ ነው" አልኳት። ይህችን ለመናገር ሃያ ምናምን ዓመት ፈጀብኝ።

"አይ ኖው" አለችኝ። "ዳድ ነግሮኛል። 'ሜፕልዉድ ነው ያለው፣ ሬዲ ሲሆን ይመጣል' ይል ነበር። ኤቭሪ ሰንደይ፣ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ስንገባ፣ አጠገቡ ያለው ወንበር ላይ ባርኔጣውን ያስቀምጣል። ሰው እንዳይቀመጥበት።"

እዚያው፣ ሰው ፊት፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አሁን እሁድ እሁድ እዚያ ነው የማስቀድሰው። አዳራሽ ስንገባ በያዘልኝ ወንበር እቀመጣለሁ። አጠገቤ ባለው የእሱ ወንበር ላይ ሰው እንዳይቀመጥ ኮቴን አስቀምጥበታለሁ።