በማዳም ቶብ የተነሳሁት ፎቶ

ከጎንደር የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ከወደቅሁ ወዲህ ጓደኞቼን ላለማግኘት መንገድ እየቀየርኩ ነበር የምሄደው፤ ስሰደድም ማንም እንዳያየኝ ፈለግሁ። በመተማ አድርጌ ካርቱም ገባሁና ሰው ቤት ተቀጠርኩ። እዚህ ሙቀቱ ግድግዳው ውስጥ ያድራል። ኪስራ የሚሉት ምግባቸው እንጀራችንን ይመስላል፣ ዓይን ግን የለውም።

አንድ ቀን አሠሪዬ ማዳም ወጣ ስትል፣ እንድተኩሰው የሰጠችኝን ቶብ፣ የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ያን ረጅም ልብስ፣ ለብሼ ሶፋዋ ላይ ፎቶ ተነሳሁ። "አልሃምዱሊላህ" ብዬ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። ትምህርት ቤት ዞር ብላ የማታየኝ ልጅ ሳትቀር "ንግሥት!" ብላ ጻፈችልኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በላይኩ ቁጥር ልክ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ላይክ ያነሰው ፎቶ ካለ ወዲያው አጠፋዋለሁ፤ ያን ቀን እህል አይወርድልኝም።

አንዴ ማዳም ሳላስባት ገብታ ቶቧን እንደለበስኩ ያዘችኝ።

"ይሄ ቶብ የማን ነው?"

"የእርስዎ።"

"ውስጡ ያለችውስ?"

"እሷም የእርስዎ" አልኩ በተሰባበረ አረብኛዬ። እሷ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም።

ለካስ አባባ ያን የመጀመሪያውን ፎቶ አሳጥቦ ጨርቅ የሚሸጥበት ሱቅ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ዛሬ ታናሽ እህቴ ፈቲያ ደወለች። ትምህርቷን አስትቶ ወደ እኔ ሊልካት ከደላላ ጋር ጨርሷል፤ ነገ ትነሳለች። "እህትሽን አታዪያትም?" እያለ ፎቶውን ያሳያታል።

ፈራሁ። በረኪና የላጠውን መዳፌንና የምተኛበትን ዕቃ ቤት ፎቶ አንስቼ "ኑሮዬ ይህ ነው" ብዬ ለጠፍኩ። ያቺው "ንግሥት" ያለችኝ ልጅ የሚስቅ ፊት ላከችበት። አሥር ደቂቃ እንኳ አልቻልኩም፤ አጠፋሁትና ለፈቲያ ደወልኩ።

"እንዳትመጪ! እኔ የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ። ቶቡም የማዳም ነው።"

"የለጠፍሽውን አይቼዋለሁ እታለም። ምነው አጠፋሽው?"

"አፍሬ ነዋ። ለአባባ ብቻ ልላከው?"

"ደላላው 'እንዳትመጣባት ብላ ነው' ይለዋል። አባባ የሚያምነው ሰው ሁሉ ሲያወራው ነው። መልሰሽ ለጥፊው፤ አገር ካየው አይልከኝም።"

ስልኩ ተዘጋ። የመተማው መኪና ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል። ፎቶው ስልኬ ውስጥ አለ፤ እኔ ግን እስካሁን ማን ማን እንደሚያየው እየቆጠርኩ ነው።