የነበረበት ቦታ

ኮምፒውተር የምትጠግነው ሴት እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ እርሳስ ጸጉሯ ውስጥ ሰክታለች። ከፊቷ የተቀመጡት አዛውንት፣ "ልጄ አደራ፣ የልጅ ልጄ ፎቶ እንዳይጠፋ" አሏት።

"አይዞዎት እማማ፣ ፎቶዎቹን ሳልቀዳ ኮምፒውተሩን ፎርማት አላደርገውም።"

ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ቀዳች። ቀድታም አላመነችም፤ ዲስኩን ነቅላ በራሷ ኮምፒውተር እየከፈተች አየቻቸው። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ይባረክ! ከዚያ የሴትዮዋን ስክሪን በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ስክሪኑ ላይ ያለው የፋይል ምልክት ሁሉ እንደ ፈሰሰ ጥሬ ተበታትኗል። ወረፋ የሰለቸኝ እኔ አላስችል ብሎኝ፣ "እግረ መንገድሽን መልክ ብታስይዢላቸው ምናለ?" አልኳት።

ቀና ሳትል፣ "የአባቴ ዓይን ከጠፋ ወዲህ እኛ ቤት ወንበር ከቦታው አይነቃነቅም" አለችኝ።



አዲሱ ሲስተም ተጭኖ ሲያልቅ፣ ስልኳን እያየች ፊደሉን እንደ ድሮው ተለቅ አደረገች፤ ያንን ዝርክርክ አንድ በአንድ ወደ ቦታው መለሰች። አዛውንቷ ማውሱን ያዙ። መነጽራቸውን ከቦርሳ ሳያወጡ እጃቸው ቀጥ ብሎ ወደ ለመደው ጥግ ሄዶ ተጫነ፤ የልጅ ልጃቸው ስክሪኑን ሞልቶ ሳቀ።